የህንዳውያን አረጋውያን ወላጆችን አመጋገብ ስለማሻሻል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለቤቴ ጉጃራቲ ነው፤ ማለትም በምዕራብ ህንድ የሚገኘው የጉጃራት ግዛት ሰው። ወላጆቹ የዓመቱን ግማሽ በአህመዳባድ፣ ግማሹን ከእኛ ጋር በሜሪላንድ ያሳልፋሉ። የእኔ ሥራ ደግሞ በተለምዶ «ሆም ኬር» የምንለው፣ አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ዓይነት ሰዎች ያማክሩኛል፤ ከህንዳውያን ጋር የተጋቡ ወገኖቻችንና ህንዳውያን አዛውንቶች ቤት ተመድበው የሚሠሩ የሙያ ጓደኞቼ። ጥያቄዎቹ እየተመሳሰሉ ስለመጡ መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የጻፍኩት የማውቀውን የጉጃራቲ ቤት እያሰብኩ ነው። የታሚሎች ወይም የፑንጃቦች ማዕድ ይለያል፤ ችግሩ ግን ብዙም አይራራቅም። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መድኃኒትን የሚነካ ነገር ሲነሳ የመጨረሻው ቃል የሐኪማቸው ነው።

ሥጋ አይበሉም፤ ታዲያ የስኳር በሽታው ከየት መጣ?

በመጀመሪያ ህንዳዊ ሁሉ ሥጋ አይበላም ማለት ስህተት ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2021 ባወጣው ጥናት ሥጋ እንደማይበሉ የተናገሩት የህንድ አዋቂዎች 39 በመቶ ናቸው። ጉጃራት ውስጥ ግን ሥጋ የማይበላ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ አማቶቼም ከእነዚሁ ናቸው።

ሥጋ የማይበላ ሰው ሁሉ ጎመን ይበላል ማለት አይደለም። አማቶቼ ወደ እኛ ሲመጡ ምሳቸው ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። ሮትሊ የሚሉት ስስ የስንዴ ቂጣ አራት፣ ከእሱ ቀጥሎ ሩዝ፣ ጃገሪ የሚባለው ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር የገባበት፣ ዳል የሚሉት ቀጭን የክክ ወጥ፣ የድንች ወጥ፣ ፓፓድ የሚባለው ስስ ተሰባሪ የክክ ዱቄት ቂጣ፣ ከላይ ደግሞ አንድ ጣፋጭ። ድንቹን ከአትክልት ብንቆጥረው እንኳ ማዕዱ ከዳር እስከ ዳር እህልና ስኳር ነው። ዳሉ አለ፤ ግን ቀጭን ስለሆነ ውስጡ ያለው ክክ በጣት የሚቆጠር ነው።

የህንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ያስጠናውና በ2023 የታተመው ሰፊ ጥናት በአገሪቱ 101 ሚሊዮን ሰዎች የስኳር በሽታ እንዳለባቸው፣ ሌሎች 136 ሚሊዮን ደግሞ በበሽታው ደጃፍ ላይ እንደቆሙ ገምቷል። ምክንያቱ ምግብ ብቻ አይደለም። የደቡብ እስያ ሰዎች ቀጭን መስለው እንኳ ስብ ወደ ሆዳቸው የመሰብሰብ ዝንባሌ አለው። ቢኤምአይ የሚባለው የክብደትና የቁመት ምጣኔ በሌላው ዓለም 25 ሲደርስ ነው «ክብደት በዛ» የሚባለው፤ ለህንዳውያን ሐኪሞቻቸው የሚጠቀሙበት ወሰን 23 ነው። ስለዚህ ሚዛን ላይ ብቻ አታቁሟቸው፤ ወገባቸውንም ለኩ። ለወንድ ከ90፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ጉዳዩን ለሐኪም ማንሳት ተገቢ ነው።

ከየት እንጀምር?

ከእህሉ። ሃይደራባድ የሚገኘው የህንድ ብሔራዊ የሥነ ምግብ ተቋም በ2024 ባወጣው መመሪያ ከእህል የሚገኘው ጉልበት ከቀኑ ጠቅላላ ከ45 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በብዙ ቤቶች ካለው አሠራር ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። አዛውንት ፊት መቶኛ ይዞ መቅረብ ግን የትም አያደርስም። እኛ ቤት የሠራው አንድ ቀላል ደንብ ነበር፤ በአንድ ማዕድ ሮትሊ ወይም ሩዝ፣ ሁለቱም አይሆንም። ምሳ ላይ ሮትሊ ከሆነ ሩዙ ለእራት ይቆያል። አራቱ ሮትሊ ወደ ሦስት፣ ከወር በኋላ ወደ ሁለት ወረደ። የጎደለውን ባዶ አልተውነውም። ዳሉ ወፈረ፤ አንዱ የአትክልት ወጥ ሁለት ሆነ፤ ከሁለቱ አንዱ ከድንች ውጭ ያለ ነው፣ ባሚያ፣ ፎሶሊያ፣ ጎመን፣ ዱባ፣ የተገኘው።

ሁለተኛው እርምጃ ወጪም ክርክርም የለውም። አትክልቱና ዳሉ ቀድመው ይበሉ፣ ሮትሊው ወይም ሩዙ ይከተል። ያው ምግብ በዚህ ቅደም ተከተል ሲበላ ከምግብ በኋላ ያለው የደም ስኳር ጭማሪ ይቀንሳል። ከዚያ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድ። የማራቲ ተናጋሪዎች ከምግብ በኋላ የሚደረገውን አጭር ጉዞ «ሻትፓቫሊ» ይሉታል፤ መቶ እርምጃ ማለት ነው። ለትልቅ ሰው አዲስ ነገር ከማስተማር የአገሩን ልማድ ማስታወስ ይቀላል።

ያልሠራውንም ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሩዙን ወደ ቡናማ ሩዝ ለወጥኩ፣ እራቱን ሰላጣ አደረግሁ። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሳህኑን በአክብሮት ተቀብለው፣ ግማሹን ትተው፣ ጠግቤያለሁ ይሉ ነበር። በሁለተኛው ወር የወርቅ አምባራቸው ከእጃቸው እየወለቀ ሲያስቸግራቸው ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። በ73 ዓመት ሰው ላይ በዚህ መንገድ ከሚጠፋው ክብደት ከፊሉ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ በዚያ ዕድሜ በቀላሉ አይመለስም። ከዚያ ወዲህ ለማንም የምለው ይኸው ነው፤ የለመዱትን ምግብ ከፊታቸው አታንሱ፣ መጠኑን አዟዙሩ።

ስንዴና ሩዙን በሌላ እህል መተካት ይቻላል?

ይቻላል፤ እዚህ ላይ ደግሞ እኛ ሐበሾች ከሌላው ሰው የተሻለ ቦታ ላይ ነን። ህንዶች ራጊ የሚሉት የእኛው ዳጉሳ ነው። ጆዋር ማሽላ ነው፤ ባጅራ ደግሞ ቡልቱግ። ሦስቱም ከአፍሪካ ተነስተው በጥንት ዘመን ወደ ህንድ የተሻገሩ ናቸው፤ የዳጉሳ መነሻ እንዲያውም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው። ህንድ ሐሳቡን አቅርባ የተባበሩት መንግሥታት 2023ን የእነዚህ እህሎች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር።

ለአዛውንቶቹ ግን ዋናው ቁም ነገር የተባበሩት መንግሥታት አይደለም፤ ልጅነታቸው ነው። አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ የተወለዱት ገጠር ነው። በልጅነታቸው ቤታቸው የሚበላው ሮትሎ የሚባለው ወፍራም የባጅራ ቂጣ፣ በእሳት የተጠበሰ የደበርጃን ፍትፍትና ቻስ የሚሉት ቀጭን አጓት መሳይ እርጎ ነበር። ከ1960ዎቹ ወዲህ የስንዴና የሩዝ ምርት ሲያድግ፣ መንግሥትም በርካሽ የሚያከፋፍለው እነዚሁን ሲሆን ሮትሎው የድሃ ምግብ ተባለና ከማዕድ ወረደ። አንድ ክረምት ቅዳሜ ቀን ባለቤቴ የባጅራ ዱቄት ከህንድ ሱቅ ገዝቶ መጣ። አማቴ በመዳፋቸው እየጠፈጠፉ ጋገሩት። አማቼ ከበሉ በኋላ ስለ እናታቸው አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ፤ ባለቤቴ የማያውቀውን ሁሉ። አሁን ሮትሎ በሳምንት ሁለት ቀን አለ። «ጤናማ» የሚለውን ቃል ማንም ስለእሱ ተናግሮ አያውቅም።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ዳጉሳ በ100 ግራም ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ስላለው ለአጥንት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልሞ ተፈጭቶ ቀጭን ገንፎ ከሆነ የደም ስኳርን በፍጥነት ከፍ ያደርጋል። ቂጣው ይሻላል። ሌላው፣ ጥርሳቸው የተጎዳ ከሆነ ወፍራም ሮትሎ ያስቸግራል፤ በሞቀ ዳል አርሶ መብላት ነው።

የሻዩን ስኳር እንዴት እንቀንስ?

የህንድ ብሔራዊ የሥነ ምግብ ተቋም በዚያው መመሪያው ለቀን የሚፈቅደው የተጨመረ ስኳር ከ20 እስከ 25 ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በቀን አራት ስኒ ወተት የገባበት ሻይ፣ በስኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ 32 ግራም ሆነ ማለት ነው። ብስኩቱና የዳሉ ጃገሪ ገና አልተቆጠሩም።

ስኳሩን በአንድ ቀን ለማጥፋት አትሞክሩ። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፤ ምላስ በዚህ ፍጥነት ይላመዳል። የጎደለውን ጣዕም በቅመም ሙሉት። ጉጃራቲዎች ሻያቸው ውስጥ ዝንጅብል፣ ሄል፣ ናናና ጠጅ ሣር ይጨምራሉ፤ ጠጅ ሣሩ ሲበዛ የስኳሩ ማነስ አይታወቅም። ጃገሪና ማር «ተፈጥሯዊ» ስለሆኑ ስኳር አይደሉም የሚለውን አትቀበሉ፤ ለደም ሦስቱም አንድ ናቸው። ከሻይ ጋር የሚነከረውን ብስኩት ደግሞ የሽምብራ ቆሎ ወይም ካክራ የሚባለው ስስ ደረቅ ቂጣ ሊተካው ይችላል። ሻዩ ከምግብ ጋር እኩል ባይመጣ ይመረጣል፤ ከጎመኑና ከምስሩ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል።

ጊ ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል?

ጊ ማለት ቅመም ያልገባበት የእኛ ንጥር ቅቤ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 45 ካሎሪ ገደማ ይይዛል፤ አብዛኛው ስቡም ለልብ ከማይመከረው ወገን ነው። እኔ ግን ትኩስ ሮትሊ ላይ የምትቀባውን ማንኪያ ጊ ከአዛውንት ጋር ለመጣላት የሚበቃ ምክንያት አድርጌ አላያትም። ከባዱ ሌላ ቦታ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሻይ ጋር የሚቀርበው ፋርሳን፣ ማለትም ከሽምብራ ዱቄት ተሠርቶ በዘይት የሚጠበሰው ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ተጠብሶበት በማግሥቱ የሚደገመው ዘይትና ቫናስፓቲ የተባለው የሚረጋ ዘይት ይብሳሉ። የህንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ከጥር 2022 ጀምሮ በዘይትና በቅባት ውስጥ ያለውን ልብን የሚጎዳ ትራንስ ስብ የሚባል የስብ ዓይነት ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ይህ ጥሩ ነው፤ ቤት ውስጥ ተደጋግሞ የሚጠበስበትን ዘይት ግን ሕግ አይከላከለውም።

ዘይት በዝቷል ወይስ አልበዛም የሚለውን ክርክር ለማቆም ዕቃው ላይ የተከፈተበትን ቀን ጻፉ። ስንት ሰው፣ ስንት ሊትር፣ በስንት ቀን። እኛ ቤት ይህን ያዩት አማቴ ራሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግራቸው ከጠርሙሱ ማፍሰሱን ትተው በማንኪያ መለካት ጀመሩ። ፋርሳን ሲያምራቸው ዶክላ እንሠራለን፤ ከቦካ የሽምብራ ሊጥ በእንፋሎት የሚበስል ስለሆነ መጥበሻ አያስፈልገውም።

ፕሮቲን ይበቃቸዋል?

በአብዛኛው አይበቃቸውም። ከሁሉም ጥያቄዎች ይልቅ ብዙ ሰው የማይጠይቀኝ፣ እኔ ግን ሁልጊዜ የማነሳው ይህን ነው። የአረጋውያን ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለጤነኛ አዛውንት በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን በቀን ይመክራሉ። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። አሁን እንቁጠር። ቫትኪ በምትባለው ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን የሚቀርብ ወፈር ያለ ዳል 6 ግራም ገደማ ይሰጣል። አንድ ሮትሊ ከ2 እስከ 3። አንድ ትልቅ ስኒ እርጎ 7 ያህል። አንድ እንቁላል 6፤ ግን ብዙዎቹ እንቁላል አይነኩም። 100 ግራም ፓኒር፣ ማለትም ጨው የሌለው ትኩስ አይብ፣ 18 ገደማ። በቀጭን ዳልና በሩዝ ብቻ 60 ላይ መድረስ እንደማይቻል ወዲያው ይታያችኋል።

መፍትሔው ለየማዕዱ አንድ ነገር መጨመር ነው። ጠዋት የማሾ ክክ ተፈጭቶ የሚጋገርበት ስስ ቂጣ፣ ምሳ ላይ ወፍራም ዳልና እርጎ፣ እራት ላይ ፓኒር ወይም ሽምብራ። ጥርስ ለሌለው ሰው ኪቸሪ፣ ማለትም ሩዝና የማሾ ክክ አብሮ ተቀቅሎ የሚላቆጠው፣ ከሁሉ ይመቻል፤ ሩዙን አንድ፣ ክኩን ሁለት አድርጉት። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህ ሁሉ ስሌት ስለሚለወጥ ሐኪም ሳይጠየቅ ፕሮቲን አይጨመርም።

ቢ 12 የተባለውን ቫይታሚንም አትርሱ። የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ ሥጋና እንቁላል የማይበሉ ሰዎች ያላቸው ምንጭ ወተትና እርጎ ብቻ ነው። ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን ደግሞ ሰውነት ይህን ቫይታሚን እንዳይወስድ ያዳክማል። እግር መደንዘዝ፣ መርሳት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፤ እነዚህን ብዙ ልጆች «እርጅና ነው» ብለው ያልፏቸዋል። በደም ምርመራ የሚታወቅና በክኒን ወይም በመርፌ የሚስተካከል ሊሆን ይችላል። ምርመራው እንዲደረግላቸው ጠይቁ።

ጨውስ?

ለቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። ችግሩ ወጡ ላይ የሚነሰነሰው ብቻ አይደለም፤ አቻር የሚባለው በጨውና በዘይት የተዘፈዘፈ ማባያ፣ ፓፓዱና በፌስታል የሚሸጠው ቁርስ ናቸው። አቻሩን ከማዕዱ አታንሱት፤ በማንኪያ ጫፍ ይሁን። ጨው የሚገባበትን ቻስ ያለ ጨው፣ በተቆላ ከሙን ብቻ ሥሩት። «ዝቅተኛ ሶዲየም» ተብለው የሚሸጡት ጨዎች ብዙዎቹ ፖታሲየም ስላለባቸው፣ ለኩላሊት ሕመምተኛና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ናቸው። ሳትጠይቁ አትግዙ።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጾማሉ፤ መድኃኒትም ይወስዳሉ። ምን እናድርግ?

ጾም ለሰው ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ስለዚህ «አይጹሙ» ከማለት አትጀምሩ።

ኤካዳሺ ከሙሉና ከአዲስ ጨረቃ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን የሚውል ጾም ነው። እህልና ጥራጥሬ አይበላም፤ ፍራፍሬ፣ ወተት፣ ድንች፣ ኦቾሎኒና ሳቡዳና የሚባለው ከካሳቫ ሥር ስታርች የሚሠራ ድብልብል ፍሬ ይፈቀዳል። በተግባር ግን ብዙ ቤት ጾሙ የሳቡዳናና የተጠበሰ ድንች ቀን ሆኖ ይውላል፤ ሳቡዳና ደግሞ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ስታርች ነው። በዚያው ሥርዓት ውስጥ የተሻለ ምርጫ አለ፤ እንደ ሩዝ የሚበስለው ሞራዮ የሚባል ደቃቅ ዘር፣ ራጅጊራ ከሚባለው የአማራንት ዘር ዱቄት የሚጋገር ቂጣ፣ ማካና የተባለው የተፈነዳ የውኃ አበባ ዘር፣ እርጎ፣ ፓፓያ። ሃይማኖቱ አልተነካም፤ ዘይቱና ስታርቹ ቀነሰ።

መድኃኒት ሲኖር ነገሩ ከበድ ይላል። ኢንሱሊን ወይም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ ክኒን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ፣ ሰውየውም ሊወድቅ ይችላል። ሐኪሙ የጾም ቀን መጠኑን አስቀድሞ ሊያስተካክል ይችላል፤ የጾሙን ዝርዝር ጽፋችሁ ውሰዱለት። ሙስሊም ህንዳውያን ወላጆች ካሏችሁ ለረመዳን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መነጋገር ይመከራል። ስኳሩ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን በዚያው ቅጽበት መፍታት ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ስታዩ መለኪያውን ፍለጋ አትዙሩ፤ ስኳር ያለበት ነገር አቅምሷቸው።

እናትየው ሁሉንም አብልተው በመጨረሻ ነው የሚበሉት

አማቴም እንዲሁ ናቸው። ትኩስ ሮትሊ ከምጣድ እያወጡ ለእያንዳንዱ ሰው ያቀርባሉ፤ እሳቸው ሲቀመጡ ዳሉ አልቋል፣ አትክልቱ ከድስቱ ሥር ተፍቋል፣ የተረፈው ሩዝና አቻር ነው። ስለ ፕሮቲን የጻፍኩትን ሁሉ ከዚህ ጋር አያይዛችሁ አንብቡት። በቤቱ ውስጥ ከሁሉም ያነሰ ምግብ የሚደርሳት ምግቡን የሠራችው ሴት ናት። የእኛም እናቶች ከዚህ የራቁ አይደሉም።

ቁጭ ብለው ይብሉ ብሎ መለመን አልሠራልንም። የሠራው ሌላ ነው። የእሳቸውን ዳልና አትክልት ምግቡ ከመቅረቡ በፊት በሁለት ቫትኪ ቀንሼ ከድኜ አስቀምጣለሁ። ሮትሊውን ደግሞ ባለቤቴ መጋገር ተማረ፤ እሑድ እሑድ ምጣዱ የእሱ ነው። በመጀመሪያው እሑድ አማቴ ከወንበራቸው አሥር ጊዜ ተነሱ። አሁን ተቀምጠው ቅርጹ ላይ አስተያየት ይሰጣሉ።

ምራት ሆኜ አማቴን «ይህን አይብሉ» ማለት አልችልም

አትበዪ። የምራት ቃል በዚህ ጉዳይ ላይ ክብደት የለውም፤ ቢኖረውም እንደ ድፍረት ይቆጠራል። የሐኪም ቃል ይሰማል። በቀጠሮው ቀን ከወላጆቹ ጋር ገብታችሁ ሐኪሙ ሁለት ነገር ብቻ፣ በወረቀት፣ እንዲጽፍላቸው ጠይቁ፤ ለምሳሌ «ሻይ ላይ ግማሽ ማንኪያ ስኳር» እና «እራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት»። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፍ። ከሐኪሙ ቀጥሎ የሚሰማው የልጅ ልጅ ነው። ልጄ የአያቷን እጅ ይዛ በብሎኩ ዙሪያ የምትወስዳቸውን ጉዞ እኔ በልመና ማሳካት አልቻልኩም ነበር።

እንግዳ ፊት፣ ዘመድ ፊት፣ በስልክም ቢሆን፣ ስለሚበሉት ነገር አትናገሩ። ከቤተ መቅደስ የመጣ ፕራሳድ ከሆነ ደግሞ ጣፋጭነቱን አትቁጠሩ፤ በረከት ነው። በጣት ጫፍ ያህሉ ይበቃል፤ የቀረው ለጎረቤት ይታደላል።

የእኛን የጾም ምግብ ልናቀርብላቸው እንችላለን?

ብዙዎቹ ይወዱታል። ክክ አልጫ ከራሳቸው ዳል ጋር እህትማማች ነው፤ ሽሮም የሽምብራ ዱቄት ወጣቸውን ይመስላል፤ እንጀራን የደቡብ ህንድ ሰዎች ዶሳ ከሚሉት ከቦካ ሊጥ ከሚጋገር ስስ ቂጣቸው ጋር ያነጻጽሩታል። ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። ድስቱና ጭልፋው ሥጋ የነካው መሆን የለበትም፤ ይህ ለእነሱ የንጽሕና ብቻ ሳይሆን የእምነት ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ስዋሚናራያን የተባለው የሂንዱ እምነት ቅርንጫፍ ተከታዮችና ጄይኖች፣ ማለትም የጄይን ሃይማኖት አማኞች፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይበሉም፤ ጥብቅ ጄይኖች ድንችም ሆነ ትኩስ ዝንጅብል አይነኩም፣ ደረቁን ዝንጅብል ግን ይጠቀማሉ። ወጥ ያለ ሽንኩርት ለእኛ ይከብዳል፤ ክክ አልጫን በእርድ፣ በደረቅ ዝንጅብልና በከሙን ሠርቼ አይቸዋለሁ፣ ያምራል። ሦስተኛ፣ የጾም ወጣችን ዘይት ይበዛበታል። ለእነሱ ስትሠሩ በግማሽ ቀንሱት።

የአብሽ ውኃ ይጠጣሉ። ይጠቅማል?

ሜቲ የሚሉት የእኛው አብሽ ነው። ዘሩ የደም ስኳርን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። ይጠጡት፤ ነገር ግን መድኃኒቱን በአብሽ እንዳይተኩት፣ ሐኪሙም እንደሚጠጡ እንዲያውቅ አድርጉ፤ ከክኒኑ ጋር ተደምሮ ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላልና። በክኒን መልክ የሚሸጡ የእርድ ተዋጽኦዎች ጉበት የጎዱበት ጊዜ አለ። ወጥ ውስጥ የሚገባው እርድ ግን አያስፈራም።

ወላጆቹ ህንድ ናቸው፣ እኛ ውጭ ነን

ምግቡን የሚሠራው ማን እንደሆነ እወቁ። በከተማ ቤቶች በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚመጣ ተቀጣሪ ምግብ አብሳይ የተለመደ ነው፤ ዘይቱና ስኳሩ በዚያ ሰው እጅ ላይ ነው። አብሳዩን በስልክ በክብር አነጋግሩት፣ ደመወዙ ላይም ትንሽ ጨምሩለት፤ እናታችሁን ከመምከር ይልቅ ይህ ውጤት አለው። ከዚህ ሆናችሁ ጣፋጭና ብስኩት የታጨቀበት ሻንጣ አትላኩላቸው። በቪዲዮ ስትደውሉ ምሳ ሰዓት ላይ ደውሉ። «ምን በሉ?» ብላችሁ ስትጠይቁ የሚነገራችሁና ሳህኑ ላይ የምታዩት ይለያያል።

አባታችን 86 ዓመታቸው ነው፣ ስኳርም አለባቸው። ጃሌቢ የሚባለውን በስኳር የተነከረ ጣፋጭ እንከልክላቸው?

በዚህ ዕድሜ ሐኪሞችም የስኳሩን ግብ ያላላሉ፤ ሌላ ሕመም ለተደራረበበትና ለደከመ አዛውንት የሦስት ወሩን አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየው፣ ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ከ8 በመቶ በታች ከሆነ ይበቃል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ከመጠን በላይ መውረዱ ከመውጣቱ ይልቅ ያሰጋልና። እኔ በሥራዬ ያየሁት ትልቁ አደጋ አዛውንቱ ጣፋጭ መብላታቸው አይደለም፤ ምግብ ሁሉ ማቆማቸው ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሳይፈልጉት ከክብደታቸው 5 በመቶ ከቀነሱ፣ ሲውጡ ካሳላቸው ወይም ውኃ መጠጣት ከረሱ፣ ጃሌቢውን ትታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ጥማት በእርጅና ስለሚደክም ውኃው በሰዓት ይሰጣቸው።

ጃሌቢውን በተመለከተ፦ በባዶ ሆድ ከጠዋት ሻይ ጋር አይሁን። ምሳቸውን ከበሉ በኋላ ግማሿን ስጧቸው፣ ሌላዋን ግማሽ አብራችኋቸው ብሉ።